እንባና ብስኩት

ሰው ማስለቀስ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሽንኩርት እንኳ የሚያስለቅሰው ሲከትፉት ነው። ይህቺ የእንስሳት ማቆያ አስጎብኚ ግን ድምፅ ማጉያዋን ይዛ ከኦራንጉታኗ መስታወት ፊት ቆማ አፏን ስትከፍት፣ ጢሙን ያንዠረገገው ጎልማሳ ሳይቀር መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ነበር። የእንስሳት ማቆያው ሠራተኞችም ስም አወጡላት፤ «አስለቃሿ» አሏት። ስሙ አልከፋትም። እንዲያውም ደስ አላት፤ ምን ትደብቃለች!

ኦራንጉታኗ ቀይ ጠጉሯ የሚዘናፈል፣ ክንዷ ከቁመቷ የሚረዝም ከዝንጀሮ ወገን የሆነች ጎምላላ ፍጡር ናት። የሚጎበኛትን ሰው ደጅ ካላስጠናች ስለማትወጣ ጠባቂዎቿ «እሜቴ» ይሏታል። እሜቴ ብቅ ብላ ድንጋይዋ ላይ ስትቀመጥ አስለቃሿ ትጀምራለች። «እቤታችሁ ባለው ሳሙና፣ በምትበሉት ብስኩት፣ በከንፈራችሁ ቀለም ውስጥ የፓልም ዘይት አለ። ዘይቱን የሚሰጠውን ዛፍ ለመትከል ሲባል ደን ይጨፈጨፋል፣ ይቃጠላል። የእሜቴ ዘመድ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትሸሻለች። ወዴት ትሽሽ? የምትንጠለጠልበት ቅርንጫፍ የለ!» ትልና ዝም ትላለች። ዝምታዋን ታውቅበታለች። ከዚያ አንዷ እናት ትንሰቀሰቃለች፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ አስለቃሿም አንገቷን ሰበር አድርጋ ታመሰግናለች።

ታዲያ ወሬው በዚህ አያበቃም፤ ሁለተኛ ክፍል አለው። ለሁለተኛው ክፍል ሰዉ መታጠፊያውን ዞሮ፣ በትልቅ ሸክላ ወደተተከለችው የፓልም ችግኝ መሄድ አለበት። እዚያ ነው አስለቃሿ፣ ችግሩ ዛፉ ሳይሆን ደኑን ያለ ርኅራኄ የሚመነጥረው አተካከል መሆኑን የምታስረዳው። ፓልም ከትንሽ መሬት ብዙ ዘይት ይሰጣል፤ እሱን እርግፍ አድርገን ብንተው ሌላው የዘይት ሰብል የባሰ ሰፊ መሬት ይበላል። ስለዚህ ደን ሳይነካ የተመረተውን፣ ለዚህም ማረጋገጫ ምልክት የተለጠፈበትን መርጦ መግዛት ነው የሚበጀው። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን ልክ ጭብጨባው ሲያበቃ የባሕር አንበሶች ምግብ ደወል ይደወላል። እስቲ ንገሩኝ፣ አሣ በአየር ላይ የሚቀልብ የባሕር አንበሳ እያለ ሸክላ ላይ የቆመች ችግኝ ለማየት ማን ይሄዳል? አስለቃሿ የሄደውን አላየችም። የተጨበጨበለት ሰው ወደ ኋላ ዞሮ አይቆጥርም።

መውጫው በር አጠገብ ደግሞ ታላቅ እህቷ ብስኩት ትሸጣለች። እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። ታላቅየዋ አጠበቻት፣ አበጠረቻት፣ ቆጥታ አስተማረቻት። ታናሽየዋ እስከ ዛሬ «እታለም» ትላታለች፤ እታለምም እስከ ዛሬ «ጩጬ» እያለች ሰው ፊት ታሳፍራታለች። እታለም ብስኩቷን የምትጋግረው እዚያው ሱቋ ውስጥ፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ቅርፁ የእንስሳ ነው፤ ዝሆኑ ኩምቢው ይሰበራል፣ ቀጭኔው አንገቱ ይጣመማል፣ ልጆች ግን ነፍሳቸው ነው።

ይህቺው ጩጬ እህቷን ከዓመት በላይ ነዝንዛ ነዝንዛ፣ ማረጋገጫ ያለውን የፓልም ዘይት ብቻ እንድትጠቀም አደረገቻት። እታለም ዘይቱን ባገኘችበት ቀን አስለቃሿ በደስታ ቀለም ገዝታ፣ ለሱቁ ማስታወቂያ በገዛ እጇ ጻፈችላት። «ደን ሳይነካ በተመረተ፣ ማረጋገጫ ባለው የፓልም ዘይት የተጋገረ» ይላል። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ስትጽፍ ቦታ እንዳያልቅባት ፈርታ አሳነሰቻቸው። ኋላ ቦታ ሲተርፋት «የፓልም ዘይት» የሚለውን በቀይ ቀለም እንደ በሬ አግዝፋ ጻፈችው። ሁለቱም ራቅ ብለው አዩትና «አቤት ሲያምር!» ተባባሉ።

አንድ ማክሰኞ ኃላፊው አስለቃሿን ቢሮው አስጠራት። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ «በአጭሩ» ብሎ ጀምሮ ሻይ እስኪቀዘቅዝ የሚያወራ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን እውነትም አሳጠረው።

«በአጭሩ፣ እህትሽ ሱቁን መልቀቋ ነው» አላት።

«ማን? እታለም?» አለች፤ ክው ብላ።

«ጎብኚዎች እያማረሩ ነው። ‹ውስጥ በፓልም ዘይት ታስለቅሱናላችሁ፣ ውጭ በፓልም ዘይት የተጋገረ ትሸጡልናላችሁ! እናንተ ሰዎች ሼም የላችሁም ወይ?› ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ለነገሩ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ያንቺ ንግግር ግሩም ነው! ሰው እያነባ ነው የሚወጣው። ከሰኞ ጀምሮ ግን ሱቁን ለከረሜላና ለቺፕስ ነጋዴው እሰጠዋለሁ። አንቺው ብትነግሪያት ይሻላል ብዬ ነው።»

«የከረሜላ ነጋዴው ቺፕስ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ያውቃሉ?» አለችው።

ኃላፊው ጭንቅላቱን አከከ። «እሱ ምንም አልጻፈም።»

እናንተዬ፣ የጻፈ ሰው ተከሶ ያልጻፈ ሲሾም አይታችሁ ታውቃላችሁ? አስለቃሿ ግን ለመሳቅም ለመናደድም ጊዜ አልነበራትም። እታለም ያንን ሱቅ ስትከፍት በጠባቧ ክፍል ውስጥ እንደ ልጅ እየዘለለች ነበር። ምድጃዋን ጥግ ላይ፣ መደርደሪያዋን በር ላይ፣ እሷ ደግሞ መሐል ላይ፤ ፈቀቅ ሳትል ሁሉም ጋ ትደርሳለች። ያንን ቦታ ብትነጠቅ ምን ልትሆን ነው? አስለቃሿ ከቢሮው እንደ ወጣች የከሰዓቱን ጉብኝት መራች። ልቧ ባይኖርም አፏ ለምዷልና ሰዉን እንደ ወትሮው አስለቀሰች። ከዚያ በኋላ ክፉውን ወሬ ልትናገር ወደ እህቷ ሱቅ በጓሮ በኩል ሄደች።

ከሱቁ ጀርባ ሆና የሰው ድምፅ ሰማች። ቅድም መስታወቱ ፊት ስትነፋረቅ የነበረች አንዲት አያት ከልጅ ልጆቿ ጋር መጥታለች። ልጆቹ ቀጭኔና ዝሆን አንስተዋል። አያትየዋ ቀና ብላ ማስታወቂያውን አየች።

«ወዲያ መልሱ! ወዲያ!» አለች። «ፓልም ነው! የእሜቴን ዘመዶች የጨረሰው ይሄው አይደል እንዴ!»

«እናቴ፣ ይሄኛው እኮ ጥሩው ነው፤ ደን ሳይነካ...» አለች እታለም።

«ፓልም ፓልም ነው! ያቺ ልጅ ስትናገር አልሰማሽም?»

«እሺ እናቴ፣ ግድ የለም» አለች እታለም፤ ዝሆኑንና ቀጭኔውን ከልጆቹ እጅ ተቀብላ ወደ ትሪው መለሰቻቸው። ትሪው ከጠዋት ጀምሮ ያልተነካ ይመስል ሙሉ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አገር የሰማውን አስለቃሿ ዛሬ ገና ሰማች። የእህቷን ብስኩት የሚያስመልሰው የሷው አንደበት ነው። ከጀርባ ወጥታ እታለም ፊት ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚመልሱት?»

«ኧረ ተይው፣ አንዳንድ ቀን ነው።»

«እታለም!»

«ትንሽ ቆየት ብሏል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን አታስረጂያቸውም?»

«ካለቀሰ ሰው ጋር ማን ይከራከራል?» አለች እታለም፤ መደርደሪያውን ትወለውላለች፣ ዓይኗን አታነሳም። «ዘይቱን ልቀይረው ብዬም አስቤ ነበር። ሌላ ዘይት ልግዛና ፓልም የሚለው ይቅር፣ ይገላግለኛል ብዬ።»

«እንዴ! ሌላው ዘይት እኮ የባሰ መሬት ነው የሚፈልገው! እሱን ነው እኮ በየቀኑ የማስተምረው!»

«የት?»

«ችግኟ ጋ ነዋ!»

«እንጃ። እዚህ የሚደርሰው ሰው ሁሉ የሰማው ማልቀሻውን ብቻ ነው» አለችና ወደ ምድጃዋ ዞረች።

አስለቃሿ ሱቁ እንደሚወሰድ ሳትናገር፣ እግሯ እየተጎተተ ወደ እሜቴ ቤት ተመለሰች። የእሜቴ ጠባቂ በረቱን እየጠረገ ነበር። ሰውየው ከእንስሳ ጋር ካልሆነ ከሰው ጋር ስለማያወራ «አባ ዝምታ» ይሉታል።

«አባ ዝምታ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። ችግኟ ጋ ስናገር ከጎብኚው ስንቱ ይቆያል?»

አባ ዝምታ መጥረጊያውን አቁሞ አሰበ። ጣቱን ሲያነሳ የሚቆጥር ይመስል ነበር። በመጨረሻ፣ «እኔ» አለ።

«እርስዎና ማን?»

«እኔ። እዚያ ጋ ቧንቧ አለ፤ ባልዲዬን እሞላለሁ።»

አስለቃሿ ሳቋ አመለጣት። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የፓልምን ጉዳይ ጠንቅቆ የተማረው አንድ ባልዲ የያዘ ሰው ነው፣ እሱም ለማንም አይናገር! ሳቋ እስኪበርድ ግን ልቧ ቆርጦ ነበር። ቀጥ ብላ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ቅዳሜ ይምጡና ይስሙኝ» አለችው። «ከቅዳሜ በኋላም ሰው ብስኩቱን ከመለሰ፣ የእህቴን ዕቃ እኔው ራሴ አወጣልዎታለሁ።»

«በአጭሩ...» ብሎ ጀመረ ኃላፊው፤ ብዙ አወራ፤ በስተመጨረሻው «እሺ» አለ።

እታለምን ማሳመን ግን ኃላፊውን ከማሳመን ባሰ። አስለቃሿ ማታ እቤት ሁሉንም ነገር ዘረገፈችላት፤ ሱቁን፣ ሰኞን፣ የከረሜላ ነጋዴውን። እታለም ስለ ሱቁ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ አስለቃሿ ሐሳቧን ነገረቻት፤ ሊጡንም ምድጃውንም በእንስሳት ምግብ ጋሪ ጭነን እሜቴ ፊት እንጋግራለን አለቻት።

«እኔ? ሰው ፊት? ሞቼ ነው!»

«አትናገሪም። ትጋግሪያለሽ ብቻ።»

«ቃል አልተነፍስም!»

«አትተንፍሺ! ማን ተንፍሺ አለሽ!»

ቅዳሜ ደረሰ። ሰዉ እንደ ጉድ ጎርፏል። የአባ ዝምታ ጋሪ ካሮትና ጎመን መሸከሙን ትቶ ሊጥ፣ ትሪና ምድጃ ተሸክሞ መጣ፤ የምድጃው ገመድ ከጠባቂው ክፍል ተስቦ ተሰካ። እታለም ነጭ ሽርጧን አጥብቃ አስራ አንገቷን ደፍታለች። ከሰው ዓይን መሸሸጊያ ያደረገችው ያንኑ ሊጥ ነው፤ ያለ ርኅራኄ ትጠፈጥፈዋለች። የሊጡ ሽታ በአየር መግቢያው በኩል ቢደርሳት ነው መሰለኝ፣ ሌላ ቀን ደጅ የምታስጠናው እሜቴ ማንም ሳይጠራት መጥታ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

አስለቃሿ ስለሚቃጠል ደን አልጀመረችም። ልጆቹን ወደ ጋሪው ጠርታ ቅርፅ ማውጫውን አደለቻቸው። አንዱ ዝሆን ያወጣል፣ አንዷ አንበሳ፣ አንዱ ምን እንደሆነ እሱም የማያውቀውን ነገር። ትሪው ምድጃ ውስጥ ከገባ በኋላ የዘይቱን ጠርሙስ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ይህ የፓልም ዘይት ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ። ያቺ የማክሰኞዋ አያት፣ የልጅ ልጆቿ ኦራንጉታኗን እንደገና ካላየን ብለው አስቸግረዋት መጥታ ነበርና፣ «ውይ በሞትኩት!» አለች።

«ትንሽ ይታገሡኝ እናቴ» አለች አስለቃሿ፤ ከጋሪው ስር ረጅም ገመድ አወጣች። በገመዱ መሬት ላይ ጠበብ ያለ ክብ ሠርታ ልጆቹን ውስጡ አቆመቻቸው። «ይህን ጠርሙስ ለመሙላት ፓልም የሚፈልገው ይህቺን መሬት ነው እንበል። አሁን ፓልምን እንተወውና ይህንኑ ጠርሙስ በሌላ ዘይት እንሙላው።» ገመዱን ፈታችና መጎተት ጀመረች። ገመዱ እናቶችን ዞረ፣ አግዳሚ ወንበሩን ዞረ፣ አይስክሬም የያዘውን ሰውዬ ዞረ። ከዳር ቆሞ ሰዓቱን ያይ የነበረውን ኃላፊም ዞረው። «ኧረ እኔን ተዉኝ!» እያለ ሰዉ እየገፋው ከአያትየዋ ጎን ተሸጎጠ። ገመዱ አሁንም አልቆመም፤ የእሜቴን መስታወት ነክቶ ነው ያለቀው።

«አያችሁ?» አለች አስለቃሿ። «ሌላው ዘይት እሜቴ ቤት ገባ። ታዲያ ፓልምን እንተወው?»

«አይሆንም!» ጮኹ ልጆቹ።

«ያገኘነውን ፓልም ሁሉ እንግዛ?»

«አዎ!» አሉ ገሚሶቹ፤ «አይሆንም!» አሉ ገሚሶቹ። አስለቃሿ አፏን ከፈተች። ዋናው ነገር ገና አሁን ነበር። ይህን ጊዜ ነው ያ ደወል የተደወለው።

የባሕር አንበሶቹ ምግብ! ልጆቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አንዱ ገመዱን ዘለለ፣ ሌላዋ ተከተለች፣ እናቶች ቦርሳቸውን ማንሳት ጀመሩ። አስለቃሿ ድምፅ ማጉያዋን አነሳች። ዛሬም ግማሹን ይዘው ሊሄዱ ነው፣ ዛሬም እየወጡ ብስኩቱን ሊመልሱ ነው፣ ሰኞ ደግሞ የእህቷ ምድጃ መንገድ ላይ ሊጣል ነው። «ቆዩ፣ አንድ ጊዜ...» አለች፤ ድምፅ ማጉያዋን ብትነካካው ሲጥ ከማለት በቀር አልሠራላትም።

«ማንም ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል!»

ማን ተናገረ? እታለም ናት! እጇ ሊጥ፣ ግንባሯ ዱቄት፣ የሊጥ መዳመጫ እንጨቷን እንደ ዱላ ይዛለች። ልጅ ያሳደገ ሰው ድምፅ ድምፅ ማጉያ አያሻውም። የሮጡት ልጆች ባሉበት ደረቁ። አይስክሬም የያዘው ሰውዬ ደረቀ። ኃላፊውም ሳይወድ በግዱ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ብስኩቱ ገና አልበሰለም፤ ወዴት ነው የምትሮጡት? የባሕር አንበሳው አሣውን በልቶ አይሞትም፤ ነገም አለ! ስሙኝ። እኔ መናገር አላውቅም። ጋጋሪ ነኝ። ይህቺ ታናሽ እህቴ ‹ዘይት ስትገዢ የትኛው ፓልም እንደሆነ ጠይቂ› ብላ ጨቀጨቀችኝ። ጠየቅሁ። አንዱ ነጋዴ ሳቀብኝ። ሌላው ‹ዘይት ዘይት ነው፣ ይውሰዱ› አለኝ። እሺ አላልኩም፤ ዞሬ ዞሬ ይህን ምልክት ያለበትን አገኘሁ። ይኸው! ያ የሳቀብኝ ነጋዴ ዛሬ ይህንኑ ያመጣል። ለምን? እኔን የመሰሉ ጠያቂዎች በዙበታ! እናንተም አታልቅሱ። ለእሜቴ እንባ አይጠቅማትም። ሱቅ ስትገቡ ‹የትኛው ፓልም ነው?› በሉ። ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ይኸው ነው። ጨረስኩ።»

ማንም አላለቀሰም። ማንም አላጨበጨበም። አስለቃሿ ሳታስበው ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች፤ ጭብጨባ የለም! ከዚያ ዙሪያዋን ስታይ አንዷ እናት ከቦርሳዋ ሳሙና አውጥታ ወረቀቱን እያገላበጠች ምልክት ትፈልጋለች። አይስክሬም የያዘው ሰውዬ አይስክሬሙ ክንዱ ላይ እየቀለጠ የማሸጊያውን ጽሑፍ ያነባል። ኃላፊው «በአጭሩ፣ እኛ ቤት ያለው ዘይት ምልክት ይኑረው አይኑረው ለባለቤቴ ልደውል» ብሎ ስልኩን አወጣ። የምድጃው ደወል ጮኸ፤ ብስኩቱ ወጣ። ያቺ አያት ሰዉን በክርኗ እየከፈለች ከሁሉ ቀድማ ጋሪው ጋ ደረሰች።

«የትኛው ፓልም ነው?» አለች፤ ወገቧን ይዛ፣ ፍርድ ቤት የቆመች ይመስል።

«ጥሩው ነው እናቴ» አለች እታለም።

«ምልክቱን አሳዪኝ እስቲ!»

እታለም ጠርሙሱን አሳየቻት። አያትየዋ መነጽሯን አድርጋ መረመረች፣ አገላበጠች፣ ለልጅ ልጆቿም አስነበበች። ከዚያ ትሪው ላይ ያለውን አንበሳ ሁሉ አንድም ሳይቀር ገዛች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው «ለኛስ?» ብሎ ጮኸ። እሜቴ በበኩሏ መስታወቱን በመዳፏ ደበደበች፤ ብስኩት ለእሷ እንደማይፈቀድ አባ ዝምታ በትዕግሥት ሲያስረዳት ተሰማ። በእውነቱ ከዚያ በፊት ማንም ያን ያህል ሲናገር ሰምቶት አያውቅም።

ኃላፊው ስልኩን ጨርሶ መጣ። ቤቱ ያለው ዘይት ምልክት እንደሌለው፣ ባለቤቱም «አንተ ነህ የገዛኸው» ብላ እንደተቆጣችው ነገራቸው። «ሱቁ ሰኞም፣ ከሰኞም በኋላ ያንቺው ነው» አላት ለእታለም። «ጉብኝቱም ከዛሬ ጀምሮ በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ይቀጥል። በአጭሩ፣ ጋሪ ይገዛላችኋል። ያንን ማስታወቂያ ግን ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ፊደሉን አስተካክሉልኝ!»

ሰዉ ቀስ በቀስ ሲሳሳ እህትማማቾቹ ባዶውን ትሪ መሐላቸው አድርገው አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። እታለም ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች፤ ከዛሬ በፊት ሰው ፊት ይህን ያህል ቆማ አታውቅም።

«እታለም» አለች ታናሽየዋ። «በሞትኩት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽኝ? አንድ ቃል ብትነግሪኝ እኮ በማግስቱ አስተካክለው ነበር። ሱቅሽን እኮ ልታጪው ነበር!»

እታለም እግሯን ማሸቷን አላቆመችም።

«ብስኩቱን ሲመልሱ» አለች፣ «አንዳቸውም ዝም ብለው አይሄዱም ነበር። ስለ አንቺ ነው የሚያወሩት። ‹ያቺ ልጅ እንዴት ያለች ተናጋሪ ናት! አስተዳደጓ ያስታውቃል፤ የማን ልጅ ትሆን?› ይሉኛል። እኔም ‹የኔ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት› እላቸዋለሁ። ከነገርኩሽ ንግግርሽን ትተዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ብስኩት ነገም ይጋገራል፤ እንደሱ የሚለኝ ሰው ግን ከየት ይመጣል?»

ጩጬ አንገቷን እህቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ በዱቄት የተለወሰውን እጇን ያዘችው።

«ደግሞ ዛሬ» አለች እታለም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺ አያት ስትሄድ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እህትሽም ጎበዝ ናት፤ አንቺ ግን ትበልጫታለሽ› አለችኝ!» ብላ በሳቅ ወደቀች።